ጣራው ከተለጠፈ በኋላ የወለቀው ሾፌር

ባለፈው ወር ለጓደኛዬ ሰርግ ብዬ ፎርድስበርግ ጥፍር ልሠራ ሄድኩ። እኔ ጥፍር የሚባል ነገር የለኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እበላዋለሁ። ስለዚህ የሚለጠፍ ነው የሚደረግልኝ። ሠራተኛዋ ትንሿን የማጣበቂያ ጠርሙስ ከፍታ ጣቴ ላይ ጠብ ስታደርግ ሽታው አፍንጫዬን ሰንጥቆ ገባ፤ ሳላስበው እጄን መንጭቄ ወሰድኩባት። «ኣይ ሲሲ፣ እህቴ፣ አቃጠለሽ እንዴ?» አለችኝ። አላቃጠለኝም። ምን ልበላት? ያ ሽታ የአንክል ፋሩክ ሳሎን ሽታ ነው፤ የዚያ የኮሮና ክረምት ሽታ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እኔና እማዬ ሜይፌር፣ ከአንክል ፋሩክ ቤት ጓሮ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። አባዬና አጎቴ ታሪኩ ደግሞ ከከተማው ወጣ ባለው ሰፈር፣ ካትሌሆንግ፣ ስፓዛ አላቸው፤ ዳቦ፣ ወተት፣ ፓራፊን የሚሉት ላምባ፣ የስልክ ካርድ የሚሸጥባት አንዲት ጠባብ ሱቅ። ድሮ እሑድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ይመጡ ነበር። አገር ሲቆለፍ እነሱም እዚያው ተቆለፉ። መንገዱ ላይ ፖሊስና ወታደር ቆሟል፤ ለመንቀሳቀስ ፐርሚት ያስፈልጋል፤ የነሱ የጥገኝነት ወረቀት ጊዜው አልፎበታል፤ የሚታደስበት ቢሮ ደግሞ ዝግ ነው። ሱቁን ጥለው ቢወጡ ሲመለሱ የሚያገኙት ባዶ መደርደሪያ ነው። ስለዚህ ፍሪጁ ጎን ፍራሽ ዘርግተው ከረሙ።

ታሪኩ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው። አገር ቤት ሆሳዕና ከተማ እያሉ እናታቸው በጊዜ ስለሞተች በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እኔ ታሬ ነው የምለው። ካትሌሆንግ ግን ታሪኩ ማለት ቢያቅታቸው ቴምባ ብለውት ነበር። የሰፈሩ ልጆች «ቴምባ! ቴምባ!» እያሉ ከኋላው ይከተሉታል፤ እሱም በዙሉኛ ይቀልድባቸዋል። ከእኔ ጋር ሲሆን ደግሞ ጥፍሬን እየበላሁ ከያዘኝ «ቤዛ፣ ምሳ አልሰጡሽም እንዴ?» ይለኛል።

አንክል ፋሩክ ሜይፌር ተወልደው ሜይፌር ያረጁ ህንድ ናቸው። ሚስታቸው ሞታለች፤ አንድ ልጃቸው እንግሊዝ አገር ነው የሚኖረው። ሳሎናቸው ውስጥ ግድግዳውን የሞላ የመስታወት ቁምሳጥን አለ። ሰሃን የለበትም፣ ብርጭቆ የለበትም፤ አውቶቡስ ብቻ። ከመዳፌ ትንሽ የሚረዝሙ፣ የድሮ የእንግሊዝ አገር አውቶቡሶች ሞዴል፣ ሁሉም ባለ አንድ ፎቅ። ባለ ሁለት ፎቁን አይወዱም። «እሱን ቱሪስት ይውደደው። ገጠር ለገጠር እየዞረ ሰው ገበያ ያደረሰው ይሄ ነው» ይሉ ነበር።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ትምህርቱ በስልክ ይላክልን ስለነበር፣ ዋይፋይ ያለው ደግሞ እሳቸው ቤት ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት እዚያ እሄዳለሁ። እማዬ ማስክ ትሰፋለች፤ ከበሩ ሳልወጣ አንዱን አፌ ላይ ታስርልኛለች። «እንዳታወልቂው! ሽማግሌ ናቸው። በሽታ ይዘሽባቸው ገብተሽ ቢሞቱብን በሰው አገር ምን እንላለን?» ትለኛለች። እኔ እንግዲህ ይህን ሰምቼ ነው የምሄደው፤ ሳስነጥስ እንኳ ወደ ግቢው ሮጬ ወጥቼ ነበር።

ልጃቸው በየዓመቱ አንድ አውቶቡስ ይልክላቸዋል። የዚያን ዓመቱ ግን ተሠርቶ ያለቀ አልነበረም፤ ራስዎ ይገጣጥሙት ተብሎ በሣጥን የመጣ ቁርጥራጭ ነው። ያን ክረምት ወደ እንግሊዝ ሄደው ሞዴሉ የተቀዳበትን ዋናውን አውቶቡስ ከልጃቸው ጋር ሊሳፈሩበት ትኬት ተቆርጦላቸው ነበር። አውሮፕላን ቆመ። እጃቸው ደግሞ ይንቀጠቀጣል፤ ጎማ ልክ የሸሚዝ ቁልፍ ያክላል፤ የበሩ እጀታ ከምስር አይበልጥም። ስለዚህ የእኔ ሥራ ለሳቸው ጣት መሆን ነበር። መስኮቱን ከፍተው፣ በብርዱ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ራቅ ብለው ይቀመጡና ያዝዙኛል፤ እኔ እቀባለሁ፣ እለጥፋለሁ። «ያዢ ቤታ፣ አትተንፍሺ» ይሉኛል። ቤታ በነሱ ልጄ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ ሆኜ ምን እንደምተነፍስ እንጃ!

አውቶቡሱ ከወገቡ በታች አረንጓዴ፣ ከወገቡ በላይ የቅቤ ቀለም ነው። ሾፌሩ ከሞተሩ ጎን፣ ለብቻው በምትዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ ከተሳፋሪው ጋር አይገናኝም። ሂሳብ የሚቀበለው፣ ደወል የሚደውለው፣ ሰው የሚያስገባ የሚያስወጣው ኋላ በር ላይ የሚቆመው ረዳት ነው።

አንድ ቀን የጎኑን ቀለም ስቀባ፣ «በልጅነቴ እንዲህ ዓይነት አውቶቡሶች በዚህ በራችን ያልፉ ነበር፤ እኔ ግን መሳፈር አይፈቀድልኝም ነበር» አሉኝ።

«ያኔም ሎክዳውን ነበር?»

አዩኝ። ከዚያ መነጽራቸውን እስኪያወልቁ ድረስ ሳቁ። «አዎ ቤታ። በጣም ረጅም።»

እኔም አመንኩ። ሜይፌርን የመታ ሌላ በሽታ ነበረ ብዬ፣ ለእማዬ ሁሉ ነግሬያት ነበር፤ አውቶቡሱ የነጮች ብቻ እንደነበረ የገባኝ ሳድግ ነው።

የቁምሳጥኑ ሕግ ደግሞ አለ። እዚያ የሚገባው ዋናው አውቶቡስ እስከ ዛሬ ድረስ ያለ ሞዴል ብቻ ነው። እንግሊዝ አገር አንድ መጋዘን ውስጥ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የሚጠግኑት፣ እሑድ እሑድ አስነስተው ሰው የሚያሳፍሩበት መሆን አለበት። ልጃቸው የዋናውን ፎቶ ይልክላቸዋል። አንዱ ተቃጠለ ወይም ለቁራጭ ብረት ተሸጠ ሲባል ሞዴሉን አንስተው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል።

እኔ ይህን እንዴት እንደተረዳሁት ልንገራችሁ። እሳቸው ያሉት ዋናው ስላለ ሞዴሉ ይቀመጣል ነው። እኔ ገልብጬ ያዝኩት፤ ሞዴሉ እዚያ ስለተቀመጠ ዋናው ይኖራል። አቧራ ካልነካው፣ ካልወደቀ፣ ካልተሰበረ፣ ባሕር ማዶ ያለው ምንም አይሆንም። አሁን ሳወራው ያሳቅቀኛል፤ ያኔ ግን ከዚህ የበለጠ እውነት የሆነ ነገር አልነበረም። ሁሉም ሰው እጅ ታጠቡ፣ በር አትንኩ፣ አትሰባሰቡ በሚልበት ጊዜ ይህ የእኔ ምን ይገርማል?

ስለዚህ ግንባሩ ላይ ያለችውን የመድረሻ ሰሌዳ ስንለጥፍ «ካትሌሆንግ ብለን እንጻፍበት» አልኳቸው።

«አይሆንም። ካትሌሆንግ ሄዶ አያውቅም።»

«ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ» አሉ። ግትር ናቸው፤ እኔም አላንስም፤ ተኳረፍን። በኋላ እሳቸው ራሳቸው የፕላስቲክ ሰዎቹን ከሣጥኑ አውጥተው ፊቴ አፈሰሱልኝ። ባቄላ የሚያካክሉ ሰዎች ናቸው። «መንገዱ የታወቀ ነው። ማን እንደሚሳፈር ግን የትም አልተጻፈም፤ የፈለግሽውን አሳፍሪ» አሉ።

ሾፌሩን አባዬ አደረግኩት። ፊቱን ቡናማ፣ ሹራቡን ሰማያዊ ቀባሁት። በሩ ላይ የሚቆመውን ረዳት ታሬ አደረግኩት፤ ቀይ ኮፍያም ጨመርኩለት፣ እንደ ራሱ። ለማንም አልተናገርኩም። ጣራውን ለጥፈን፣ አድርቀን፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ስናስገባው በእኔ ቤት ሁለቱንም አስቀምጬ መቆለፌ ነበር።

ማታ ማታ ከካትሌሆንግ ይደወላል። መጀመሪያ በቪዲዮ ነበር። አባዬ የዳቦው መደርደሪያ ፊት ቆሞ ይጸልይልናል፤ ታሬ ከጀርባው በጣቱ ቀንድ ይሠራበታል። አንድ ሰሞን ቪዲዮው ቀረ። «ኔትወርክ ነው» አለ ታሬ። አባዬስ? «ደንበኛ ይዞታል።» በማግስቱ፣ «ዕቃ እያራገፈ ነው።» ከዚያ ደግሞ፣ «ዛሬ ደክሞት በጊዜ ተኛ።» አባዬ በሕይወቱ በጊዜ ተኝቶ አያውቅም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ እየደወለ እማዬን «አይዞሽ እህቴ፣ ጌታ አለ» ይላታል። ምን ሆና ነው አይዞሽ የሚሏት? የኛ ሰው ክፉ ወሬ በስልክ አይነግርም። መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። ሽማግሌ ይያዛል፣ ከኋላ ቆማ የምትደግፍ ሴት ትያዛለች፣ ተሰብስቦ ይኬዳል። እስከዚያ ድረስ «ደህና ነው፣ ትንሽ አሞት ነበር» ነው። እማዬ ራሷ ስንቱን ቤት እንዲህ ሄዳ አንኳኩታለች። ስለዚህ «ደህና ነው» በተባለ ቁጥር ፊቷ ይገረጣል።

በመጨረሻ ጋሽ ላሬቦ ደወሉ፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። እማዬ ስልኩን ይዛ ወደ ልብስ ማስጫው ወጣች። አባዬ ሆስፒታል ገብቶ በኦክስጅን እንደሚተነፍስ የነገሯት ያን ዕለት ነው። ለእኔ ግን ተመልሳ «አባትሽ ጉንፋን ይዞት ነው» አለችኝ። ያን ማታ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ስትጸልይ አይቻታለሁ፤ ለጉንፋን እንዲያ አይጸለይም። እሷ እንዳታውቅብኝ አላወቅኩም መሰልኩ። ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ ማንም ለማንም አይናገርም።

ታሬ ሲደውል ግን ከስልኩ ውስጥ ሳል እሰማ ነበር። ራቅ ያለ፣ በእጅ የታፈነ ሳል። ሰማሁት፤ ደስ አለኝ! አባዬ እዚያው ሱቁ ውስጥ ተኝቶ እየሳለ ነው፤ ታሬ እኔ እንዳልሰማ እየሸፈነው ነው ብዬ አሰብኩ። የሚስል ሰው አለ ማለት ነው። «እማዬ፣ አባዬን ሰማሁት፤ ይስላል፣ ግን አለ» አልኳት። ደንግጣ አየችኝና ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ታሪኩ፣ አንተ ነህ እንዴ የምትስለው?»

«አይ እትዬ፣ የፓራፊኑ ምድጃ ጭስ ነው። ክፍሏን ታውቂያታለሽ፤ መስኮት የላትም።»

«ታዲያ አጥፋው!»

«ብርዱስ?» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ልቧ ሌላ ሰው ጋ ነበርና አመነችው። ከዚያ በኋላ የታሬ ስልክ ተዘጋ። መብራት ጠፍቶ ቻርጅ አልቆበት ነው ተባባልን።

ስልኩ በተዘጋ በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አንክል ፋሩክ ቤት አውቶቡሱን አቧራውን በብሩሽ ልጠርግ ሳነሳው ውስጡ ቅጭል አለ። አዘነበልኩት፤ ቅጭል። በመስኮቱ አየሁ። የሾፌሩ ወንበር ባዶ ነው። አባዬ ወልቆ ወለሉ ላይ በፊቱ ተደፍቷል።

«ይከፈት!» አልኩ። «ጣራው ይከፈት!»

«ቤታ፣ ጣራው ተለጥፏል። ብንከፍተው ይሰበራል። ሾፌር ነው፤ ይተኛ ተዪው፤ ደክሞት ነው» ብለው ሊቀልዱ ሞከሩ።

«አባቴ ነው!» ብዬ ጮህኩባቸው። ማስኬ በእንባና በንፍጥ ረጠበ። እየተንሰቀሰቅኩ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሳሉን፣ የእማዬን ጸሎት፣ ሞዴሉ ደህና ከሆነ ዋናው እንደሚኖር። ይስቃሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። አልሳቁም። ሞኝ ነሽም አላሉኝ። ከዚያ ከመሳቢያው ስለታሟን ቢላ አወጡ።

ያን አውቶቡስ ልጃቸው ነው የላከው፤ ዓይኑን ካዩ ዓመታት አልፈዋል፤ ይህን ክረምትም አያዩትም። እኔ ግን ልጅ ነኝ፤ ሾፌሩን እንጂ ሌላ አላይም። በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ቢላውን ጣራው ጠርዝ ላይ ሲያሳርፉ አንጓቸውን በሁለት እጄ ያዝኩላቸው፤ መራራቁን ረሳነው። ጣራው ቀጭ ብሎ ለቀቀ፤ የፊት መስታወቱ አንድ ቋሚ ተሰበረ፤ የቅቤው ቀለም እንደ ቅርፊት ተላጠ። ሾፌሩን በወረንጦ አነሳሁት፤ ማጣበቂያ ከሚገባው በላይ ደፋሁበት፤ ጫንኩት፤ እስኪደርቅ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ይሄኛውስ?» አሉ ወደ ኋላ በር እያመለከቱ። «እሱንም እናጠብቀው?»

«እሱ ታሬ ነው። እሱ ምንም አይሆንም» አልኩ።

ያን ዕለት ሲመሽ የጋሽ ላሬቦ ባለቤት እትዬ ብርሃኔ ለእማዬ ደወሉ። ስለ ማስክ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ቲማቲም መወደድ አወሩና መጨረሻ ላይ «ነገ ጠዋት የትም አትሄጂም አይደል?» አሉ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እማዬ ቆማ ቀረች። አገር ተቆልፎ የት ትሄዳለች? ይህ ጥያቄ ለምን እንደሚጠየቅ ታውቀዋለች፤ እሷም ጠይቃው ታውቃለች። አልተኛችም። ገና ጎሕ ሳይቀድ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ኩሽና ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እኔን ስታይ «ብርድ ነው፣ ካልሲ አድርጊ» ብቻ አለችኝ።

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ የግቢው ደወል ተደወለ። ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሯል። በብረቱ በር ውጪ ጋሽ ላሬቦ፣ እትዬ ብርሃኔና አንድ ሌላ ሰውዬ ማስካቸውን አድርገው ተሰልፈው ቆመዋል። እማዬ በሩን ሳትከፍት ነው የጮኸችው።

«ወይኔ! ወይኔ የቤዛ አባት! በሰው አገር ለማን ጥለኸን ሄድክ! ሳላይህ! ውኃ እንኳ ሳላቀብልህ! እኔን ያስቀድመኝ አላልኩም ወይ!»

ደረቷን ትመታለች፣ ትነሳለች፣ ትወድቃለች። ጋሽ ላሬቦ በብረቱ መሃል እጃቸውን አሾልከው ያውለበልባሉ፤ «አስቴር፣ ቆይ! በጌታ፣ አንዴ ቆይ!» ማን ይሰማቸዋል! እኔም ጮህኩ። ትናንት በስንት ማጣበቂያ ያሰርኩት ሰው! አንክል ፋሩክ በፒጃማቸው ወጥተው ቁልፉን ይዘው ይሯሯጣሉ፤ የትኛው ቁልፍ እንደሆነ ጠፍቷቸዋል። ጎረቤት መስኮት ተከፈተ። እማዬ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ድረስ አለቀሰችው፤ በቁሙ ብላው የማታውቀውን ሁሉ አለችው። ደጉ አለችው፤ ጥላዬ አለችው፤ ከኔ አፍ ነጥቆ የማይበላ አለችው።

የዚያን ጊዜ መንገዱ ዳር የቆመችው መኪና የኋላ በር ተከፈተ። አንድ ከሲታ ሰው ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወረደ። የመኪናውን ጣሪያ ተደግፎ ቆመ።

«አስቴር! አለሁ!» አለ። ትንፋሹ ተቆራረጠ። «አለሁ እኮ!»

አባዬ ነበር። ግማሹ አልቋል፤ ግን አባዬ ነው።

እማዬ ፀጥ አለች። «የቤዛ አባት? አንተ ነህ?» ብላ እየተንፏቀቀች ብረቱ ጋ ደረሰች። አባዬ «አትቅረቢ፣ ገና ነኝ» እያለ ወደ ኋላ ሸሸ። እሷ ግን ተንበርክካ እልል ለማለት ሞከረች፤ ጉሮሮዋ ተቀዶ ሲር ሲር ነው የሚለው። «ሃሌሉያ! የት አባቴ ልግባ!» ትላለች፤ ትስቃለች፤ ነጠላዋን ትዘቀዝቃለች፣ ታቃናለች። እኔም እየዘለልኩ ነበር፤ አንክል ፋሩክም ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረውን ይስቃሉ። በሩ ተከፈተ። «እናንተ ሰዎች ደግሞ!» አለች እማዬ በዚያ በተሻከረ ድምፅ። «ሰው ድኖ መጥቶ እንዲህ በማለዳ ተሰልፎ ይመጣል? እኔን ልትገድሉኝ ነው? ግቡ እንጂ፤ ምን ትገተራላችሁ?»

የሳቀ የለም። ጋሽ ላሬቦ ባርኔጣቸውን አወለቁ። አባዬ መሬት መሬት ያያል። እትዬ ብርሃኔ ቀስ ብለው ገቡና ከእማዬ ጀርባ ቆሙ። እዚያ ቦታ መቆም ምን ማለት እንደሆነ እማዬ ታውቃለች። ዞር ብላ አየቻቸው፤ ከዚያ ባሏን አየች፤ ከዚያ በሩ ወደ ተከፈተው መኪና ዓይኗን ሰደደች። መኪናው ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

«ታሪኩስ?» አለች።

እትዬ ብርሃኔ ከኋላ ብብቷን ይዘው ደገፏት። እማዬ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። እንደገና ከፈተች፤ የአንገቷ ሥር ተገተረ፣ ከንፈሯ ስሙን ሠራ፤ የሚሰማ ነገር ግን የለም፤ የነበራትን ሁሉ በሕይወት ላለው ሰው አልቅሳ ጨርሳዋለች። ያን ጊዜ ከብረቱ ውጪ፣ ሊጠጋን ያልተፈቀደለት፣ ሳንባው ገና ያልዳነው አባቴ መኪናውን ተደግፎ ስለ እሷ ሆኖ መጮህ ጀመረ።